ሦስት ማሽን፣ ሦስት ቁጥር

ስልኬ ላይ ኖት ውስጥ እስካሁን ያልሰረዝኩት ነገር አለ። 14፣ 17፣ 26 ይላል። ሌላ ምንም የለውም፣ ርዕስ እንኳን የለውም። የመጀመሪያው ማሞግራም ያየው ነው፣ ሁለተኛው አልትራሳውንድ፣ ሦስተኛው ኤምአርአይ፣ ሁሉም በሚሊሜትር፣ ሁሉም ስለ አንድ ዕጢ፣ ታላቅ እህቴ ግራ ጡት ውስጥ ስለነበረው። የኤምአርአዩን ውጤት ይዘን ስንወጣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ደጋግማ አየችውና «እና የቱ ነው የኔ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ14 ወደ 26 አደገ እንዴ ብዬ ሆዴ ተገለባብጦ ነበር፣ እሷ ፊት ግን «ኧረ ማሽኑ ነው» ብዬ አለፍኩት። እንዲሁ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው እኮ ያልኩት፣ በኋላ ሳጣራ ግን ለካ እውነት ነበር።

ሕክምናው ካለቀ አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። የሰማ ሰው ሁሉ «እስቲ እህትሽን ምን ምን ነበር ያደረጓት፣ እኛም ቤት እንዲህ ተባለ» እያለ ይደውልልኛል፣ እኔም ያንኑ ስደግም ስደግም ደከመኝ፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክ ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ፋይል ተሸካሚ ነበርኩ፣ ጥያቄ ጠያቂ ነበርኩ፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል ደሞ አንባቢ።

መጀመሪያ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው። ካንሰር ነው አይደለም ብሎ የሚፈርደው ምስል አይደለም፣ ባዮፕሲ ነው፣ በመርፌ የተወሰደችው ቁራጭ ሥጋ ማይክሮስኮፕ ስር ታይታ ነው ስሟ የሚታወቀው። ባዮፕሲው «አዎ» ካለ በኋላ ታዲያ ለምንድነው እንደገና ማሞግራም፣ እንደገና አልትራሳውንድ፣ ደሞ ኤምአርአይ የሚባለው? እህቴ «አንዴ ካወቁት ምን ያንከራትቱኛል፣ አውጥተው አይገላግሉኝም» ብላ ተቆጥታ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ረጋ ያሉ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ «ልጄ፣ ልብስ ሰፊ ሳይለካሽ ጨርቁ ላይ መቀስ ያሳርፋል?» አሏት። በቃ ነገሩ ይሄው ነው። ልክ እየተወሰደ ነው። የት ጋ ነው፣ ምን ያህል ነው፣ አንድ ቦታ ነው ወይስ ሌላም አለ፣ ከቆዳው ከጡት ጫፉ ከጡንቻው ስንት ይርቃል፣ ብብት ውስጥ ያሉት ሊምፍ ኖዶች (ንፍፊቶቹ) ምን ይመስላሉ። ጡቱ ይቀራል ወይ የሚለው፣ ኬሞ ይቅደም ወይ ቢላ የሚለው፣ ብብቱ ይነካ አይነካ የሚለው፣ ጨረሩ የት ላይ ይረፍ የሚለው ሁሉ ከዚህ ልክ ነው የሚነሳው።

ማሞግራም ላይ ልጀምር። ይሄ የራጅ ዘር ነው፣ ጡቱ በሁለት ሰሌዳ መሃል ተጨፍልቆ አንዴ ከላይ ወደ ታች አንዴ ደሞ በሰያፍ ይነሳል። መጨፍለቁን ሴቶች ሁሉ ይረግሙታል፣ ግን ካልተጨፈለቀ አንዱ ሥጋ ሌላው ላይ ተደርቦ ያልነበረ ነገር ያለ ያስመስላል ወይም ያለውን ይሸፍናል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል፣ የሚያስፈልገው ጨረርም ይጨምራል። አንድ ነገር ተጠርጥሮ ስትጠሪ ደሞ እንደ መጀመሪያው ዝም ብሎ ሁለት ሁለት ፎቶ አይደለም፣ የተጠረጠረችውን ቦታ ብቻ በትንሽ ሰሌዳ ጫን አድርገው፣ አጉልተው፣ ከሌላ አቅጣጫ ያነሷታል። እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠራ «የመጀመሪያውን አበላሽተውት ነው» ብላ ነበር የሄደችው።

የማሞግራም ችግሩ ነጭ በነጭ ላይ መሆኑ ነው። ስብ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ የጡት እጢው ሥጋ ነጭ፣ ካንሰሩም ነጭ። ስቡ ብዙ በሆነ ጡት ላይ ዕጢ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ላይ ግን ጉም ውስጥ ነጭ በግ እንደመፈለግ ነው። ሪፖርቱ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብለው ይመድቡታል፣ ዲ በጣም ጥቅጥቅ ያለው ነው፣ በጅ ዳብሰሽ የምታውቂው ነገር አይደለም ምስሉ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ በሽታም አይደለም። የእህቴ ሲ ነበር። ስለዚህ ያ 14 ሚሊሜትር ማሞግራሙ «እስከዚህ ይታየኛል» ያለው ነው እንጂ «እዚህ ላይ ያልቃል» ማለቱ አልነበረም። ሪፖርቱን ሳነብ ይሄን ልዩነት ማን ነገረኝ? ማንም።

እንዲህም ሆኖ ማሞግራምን የሚተካ የለም፣ ምክንያቱም ያቺን የካልሲየም ብናኝ እንደሱ የሚያይ የለም። ጨው የተበተነ የሚመስል ነጫጭ ነጠብጣብ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ምንም አይደለም፣ አንዳንዴ ግን የወተት ቱቦው ውስጥ ገና ያልወጣ ካንሰር ምልክት ነው። ዕጢው ራሱ ትንሽ ሆኖ ብናኙ ግን ቱቦ ቱቦውን ይዞ ብዙ ሴንቲሜትር የሄደ እንደሆነ ቀዶ ሐኪሙ የሚያወጣው ዕጢውን ብቻ አይደለም፣ ያንን ሁሉ ነው። አልትራሳውንድ ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ የሳቅም የለቅሶም ነገር ልንገራችሁ። የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ባይ-ራድስ 5» ይል ነበር። እህቴ ካንሰር እስከ ስቴጅ 4 ነው ሲባል ሰምታለች፣ 5 ስታይ «ከመጨረሻውም አልፌያለሁ» ብላ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ባይ-ራድስ ስቴጅ አይደለም!! የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ያወጣው የጥርጣሬ መጠን ነው። 0 ማለት ምስሉ አልበቃኝም ተጨማሪ ይነሳ፣ 1 ንጹህ፣ 2 የሚታይ ነገር አለ ግን ደህና ነው፣ 3 ደህና ይመስለኛል ከስድስት ወር በኋላ ልየው፣ 4 ይጠረጠራል ባዮፕሲ ይደረግ፣ 5 በጣም ይጠረጠራል፣ 6 ደሞ ካንሰርነቱ በባዮፕሲ የታወቀ። የአንድ ፍሬ ለውዝ የምታህል ዕጢም 5 ልትባል ትችላለች። ስቴጁ የሚሰላው በኋላ ነው፣ በዕጢው መጠን፣ በሊምፍ ኖዱ፣ በመሰራጨቱና በዕጢው ባሕርይ።

አልትራሳውንዱ ጨረር የለውም፣ ድምፅ ነው የሚልከው። ውሃ የቋጠረ ነው ወይስ ድፍን ሥጋ የሚለውን ወዲያው ይለያል። ግን የሰው እጅ ላይ የተመሰረተ ነው፣ መሣሪያውን የያዘው ሰው ያላረፈበት ቦታ አልታየም ማለት ነው። እህቴን ያየቻት የራዲዮሎጂ ሐኪም ወጣት ልጅ ነች፣ ስትሠራ ዝም አትልም፣ «ይቺ ጠርዟ ሾጠጥ ሾጠጥ ያለ ነው፣ እዚህ ጋ ጥላ ጥላለች፣ አየሽው?» እያለች ስክሪኑን ታሳየን ነበር። 17 ያለችው እሷ ነች። ከዛ ጡቱን ስትጨርስ ወደ ብብት ወጣች። ለምን ብላት ሊምፍ ኖዱ ጤነኛ ሲሆን ባቄላ ይመስላል፣ መሃሉ ነጣ ያለ ቅርፊቱ ቀጭን፣ ቅርፊቱ ከወፈረ ወይም መሃሉ ከጠፋ መርፌ አስገብተን እናየዋለን አለችኝ። የእህቴ ደህና ይመስላል ተባለ። «ይመስላል» የምትለዋን ቃል ያኔ ጠላኋት፣ አሁን አከብራታለሁ።

ባዮፕሲውም በዛው በአልትራሳውንድ እየታየ ተወሰደ። ሲጨርሱ በመርፌዋ በኩል የሰሊጥ ፍሬ የምታህል፣ ክሊፕ የሚሏት ብረት ውስጥ ትተው ወጡ። እኔ ይሄን ስሰማ አበድኩ። «ብረት ጥላችሁባት ልትሄዱ ነው?» ቲታኒየም ነው፣ አይጎዳም፣ ኤምአርአይም አይከለክልም አለችኝ፣ «ይቺ ቦታዋን እንዳንስት ነው»። ያኔ ቦታ መሳት የሚባል ነገር እንዴት ሊኖር ይችላል ብዬ ነበር። በኋላ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የተዋወቅናት አንዲት ሴት ናት ያስረዳችኝ። እሷ ኬሞ ነው የቀደመላት፣ ኬሞው ሲያልቅ ዕጢው በኤምአርአይም በአልትራሳውንድም አልታይ አለ። ደስታ ነው አይደል፣ ግን ቀዶ ሐኪሙ የቱን ቦታ ይቁረጥ? ምስል ላይ ጠፋ ማለት ሴሉ በሙሉ ሞተ ማለት አይደለም፣ የነበረበት ቦታ ወጥቶ ማይክሮስኮፕ ስር መታየት አለበት። ያቺ የሰሊጥ ፍሬ ባትኖር ኖሮ በግምት ነበር የሚገባው። ብብቷ ውስጥ የታመመው ሊምፍ ኖድም ላይ እንዲሁ አስቀምጠውላት ነበር። ኬሞ ሊቀድምላችሁ ከሆነ ክሊፗ መቀመጧን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ጠይቁ፣ በኋላ ዕጢው ከጠፋ ማስቀመጫ ቦታም የለም።

አሁን ወደ 26ቷ ልምጣ።

የእህቴ ባዮፕሲ ሎቡላር የሚባለው ዓይነት ሆኖ ወጣ። አብዛኛው የጡት ካንሰር ከቱቦው የሚነሳው ነው፣ ተጠጋግቶ እብጠት ይሠራል። ሎቡላሩ ግን ሴሎቹ እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ፕሮቲን ስለጎደላቸው ተበትነው አንድ በአንድ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ እብጠት ሳይሠሩ ሥጋው ውስጥ ይሰገሰጋሉ። ስለዚህ ማሞግራም ያሳንሰዋል። ኤምአርአይ የታዘዘላት ለዚህ ነው። በሆድ ተኝታ፣ ጡቶቿ ወደ ታች በተሠራ ቀዳዳ ገብተው፣ ያ የመዶሻ ድምፅ እየጮኸባት ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ መሃል ላይ ጋዶሊኒየም የሚባል ኮንትራስት፣ ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ ማለት ነው፣ በደም ሥሯ ተሰጣት። ካንሰር የራሱን አዳዲስ ደም ሥር ስለሚሠራና ደም ሥሮቹም ስለሚያፈሱ ኮንትራስቱን ቶሎ ስቦ ያበራል። ማሽኑ የሚያየው እንግዲህ የደሙን አካሄድ ነው፣ ካንሰሩን ራሱን አይደለም፣ ይቺን ያዙልኝ።

ውጤቱ መጣ፣ 26 ሚሊሜትር፣ በተጨማሪም እዛው ግራ ጡት ላይ ራቅ ብላ የምታበራ 6 ሚሊሜትር ሌላ ነገር። እህቴ እዛው ወንበሩ ላይ «ሙሉውን ይውጣልኝ፣ ሁለቱንም ጡት አውጡልኝ፣ አልፈልጋቸውም» አለች። እኔም እውነት ለመናገር ልቤ እንደዛ ነበር ያለው። ሽማግሌው ሐኪም ወረቀቱን ገለበጡና «የምታበራ ሁሉ ካንሰር አይደለችም፣ ይቺን ሳናውቃት አንድ ጡት አላነሳም» አሉ። ደህና የሆነ እብጠትም ያበራል፣ የሆርሞን ለውጥ ያለበት ሥጋም ያበራል። ኤምአርአይ ላይ ብቻ በታየ ነገር ኦፕራሲዮኑን ከፍ ማድረግ የለም፣ መጀመሪያ መርፌ። ያቺው ልጅ በአልትራሳውንድ ተመልሳ ፈልጋ አገኘቻት፣ ባዮፕሲ ወሰደች፣ እሷም ላይ ክሊፕ አስቀመጠች። አምስት ቀን ጠበቅን። አምስት ቀን። ፋይብሮአዴኖማ ሆና ወጣች፣ ምንም የማትጎዳ፣ ምናልባት ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት የኖረች።

እና ከዛ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እንግሊዝ አገር ኮሚስ የሚባል ጥናት ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2010 ወጥቷል፣ 1,623 ሴቶች፣ ግማሾቹ ከኦፕራሲዮን በፊት ኤምአርአይ ተነስተው ግማሾቹ ሳይነሱ። የተጠበቀው ኤምአርአይ የተነሱት ልኩ በደንብ ስለሚታወቅ ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን አይመለሱም ነበር። የሆነው ግን በሁለቱም ወገን 19 ከመቶ ገደማ ተመለሱ፣ ልዩነት የለም። ስለዚህ ኤምአርአይ ለሁሉም ሰው ይነሳ አይባልም፣ ሐኪማችሁ ካላዘዘላችሁ የተነፈጋችሁ ነገር አለ ማለት አይደለም። የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ፣ ሎቡላር ሲሆን፣ ጡቱ በጣም ጥቅጥቅ ሲል፣ ማሞግራሙና አልትራሳውንዱና የሐኪሙ እጅ ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ብብት ላይ ካንሰር ተገኝቶ ጡቱ ላይ ምንጩ ሲጠፋ፣ ቢአርሲኤ የሚባለው፣ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚወረስ የጂን ለውጥ ያለባት ሴት ስትሆን፣ ኬሞ ቀድሞ ምን ያህል እንደሠራ ለማየት። ኤምአርአይ በሌለበት ወይም በማይቻልበት ደሞ፣ ለምሳሌ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ያለበት ወይ ጠባብ ቦታ የሚያፍነው ሰው፣ በአዮዲን ኮንትራስት የሚነሳ ማሞግራም አለ፣ እሱም የደሙን አካሄድ ያሳያል።

«ሙሉውን አውጡልኝ» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚንገዳገደው። ጡት በሙሉ ሲወጣ ካንሰሩ ከሥሩ የተነቀለ ይመስላል፣ ትንሽ ሲወጣ የተተወ ነገር ያለ ይመስላል። ይሄ ስሜት የእኛ ብቻ አይደለም፣ ሐኪሞችም ለብዙ አሥርት ዓመታት ከነደረት ጡንቻው ጠርገው ያወጡ ነበር። ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ሚላን ላይ 701 ሴቶችን ይዞ፣ ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ለግማሾቹ ጡቱን በሙሉ ለግማሾቹ ዕጢው ያለበትን ክፍል ብቻ አውጥቶ ጨረር ጨመረላቸው። አሜሪካ ደሞ በርናርድ ፊሸር ተመሳሳይ ነገር ሠራ። የሁለቱም የ20 ዓመት ክትትል በ2002 ታተመ፣ በሕይወት መቆየት ላይ ልዩነት የለም። ጡቱ የቀረላቸው ሴቶች ላይ እዛው ጡት ላይ የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ዕድሜ ላይ ግን ለውጥ የለም። እህቴ ይሄን ስትሰማ ወዲያው አላመነችም፣ ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

እና ምስሉ የሚወስነው ትኖራለች አትኖርም የሚለውን አይደለም፣ ምን ያህል ይበቃታል የሚለውን ነው። ለዚህ ደሞ የዕጢው መጠን ብቻውን አይናገርም፣ ከጡቱ መጠን ጋር ነው፣ 26 ሚሊሜትር ትልቅ ጡት ላይ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ጡት ላይ ግን ቅርጹን ሊያጠፋው ይችላል።

ብብቱ ላይም እንዲሁ ነገሩ እየቀነሰ ነው የመጣው። ድሮ ሊምፍ ኖዱ በሙሉ ይወጣ ነበር፣ ከዛ ለአንዳንዶቹ እጅ ማበጥና መክበድ ዕድሜ ልክ። ከዛ ሴንቲኔል የሚባለውን፣ ከጡቱ የሚፈሰው መጀመሪያ የሚደርስበትን ዘበኛ ኖድ ብቻ ማውጣት መጣ። አሁን ደሞ በ2023 ሳውንድ የሚባል ጥናት ወጣ፣ ዕጢያቸው እስከ 2 ሴንቲሜትር የሆነና ብብታቸው በአልትራሳውንድ ንጹህ የሆነ 1,405 ሴቶች፣ ለግማሾቹ ዘበኛው ኖድ ወጣ ለግማሾቹ ብብቱ ጭራሽ አልተነካም። ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሩቅ ቦታ ሳይሰራጭ የቆየላቸው 97.7 እና 98.0 ከመቶ፣ ያው ነው። እስቲ አስቡት፣ ያቺ ልጅ ጡቱን ጨርሳ ወደ ብብት ስትወጣ «ምን ትፈልጋለች» ያልኩት ነገር አንድን ኦፕራሲዮን ሊያስቀር የሚችል ነው። ለእህቴ ግን አልተተወላትም፣ 26 የምትለዋ ቁጥር ከ2 ሴንቲሜትሩ መስመር ስላለፈች ዘበኛው ይታይ ተባለ። ሁለት ኖድ ወጣ፣ ሁለቱም ንጹህ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእህቴ ጋር ተጣልተናል። እሷ መላ ሰውነቷ በፔት ስካን እንዲታይላት ፈለገች፣ አጥንቷም ጭንቅላቷም፣ ሰው ስለነገራት። ሐኪሙ አያስፈልግም አሉ። እኔ ደሞ በር ላይ ቆሜ ለምን ሲያስፈልግ አይታዘዝላትም ብዬ ተቆጣሁ። ገና በጊዜ የተያዘ፣ ምልክት የሌለበት የጡት ካንሰር ላይ ፔት፣ ሲቲና የአጥንት ስካን በልማድ እንዳይታዘዝ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከ2012 ጀምሮ ይመክራል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሳንባ ላይ አንዲት ጠባሳ፣ ጉበት ላይ አንዲት የውሃ ቋጠሮ ይታያል፣ ከዛ እሷን ለማጣራት ሌላ ስካን ሌላ መርፌ፣ ዋናው ኦፕራሲዮን በዚህ መሃል ይዘገያል። የ6 ሚሊሜትሯን አምስት ቀን ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም ነበር፣ እኔ ግን ፈጀብኝ። አጥንት ሲያም፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ የደም ምርመራው ሲዛባ፣ ወይም ዕጢው ትልቅ ሆኖ ብብት ውስጥ በብዛት ሲገባ ሌላ ነገር ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ጠዋት ደሞ እንደገና ወደ ራዲዮሎጂ ነው የተወሰደችው። ዕጢው በእጅ በደንብ ስለማይዳሰስ በአልትራሳውንድ እየታየ ቀጭን ሽቦ እስከ ክሊፗ ድረስ ተተከለላት፣ ቀዶ ሐኪሙ ሽቦውን ተከትለው ነው የሚገቡት። አሁን አሁን በሽቦ ፋንታ ቀደም ብላ የምትቀመጥ ማግኔት ወይም ትንሽ ጨረር ያላት ዘር የሚጠቀሙም አሉ። ሽቦው ከጡቷ ወጥቶ ፕላስተር ተለጥፎበት ስትመጣ «አንቴና ሠሩልኝ» ብላ ሳቀች፣ በዛን ቀን የሳቅነው እሷኑ ብቻ ነው።

ሥጋው ከወጣ በኋላ እሱም ራጅ ይነሳል! እህቴ ገና ተኝታ እያለች ማለት ነው፣ ክሊፗና ዕጢው ውስጡ መኖራቸውን፣ ወደ አንድ ጠርዝ ያልተጠጋ መሆኑን ለማየት። ከተጠጋ በዛው ጎን ትንሽ ይጨመራል። ይሄ ሥራ ራሱ የማሞግራም መጀመሪያ መሆኑን ሳነብ ገርሞኛል፣ አልበርት ሳሎሞን የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1913 ወደ 3,000 የሚጠጉ በኦፕራሲዮን የወጡ ጡቶችን ራጅ እያነሳ ነበር ካንሰሩ ምን እንደሚመስል ያጠናው። በሕይወት ያለች ሴት ላይ ሳይሆን በወጣው ሥጋ ላይ ነው የተጀመረው።

ፓቶሎጂው፣ የወጣው ሥጋ ማይክሮስኮፕ ስር የታየበት ውጤት ማለት ነው፣ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። 19 ሚሊሜትር።

አራተኛ ቁጥር! ኖቴ ላይ ይቺን አልጻፍኳትም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማሞግራሙ ከጉሙ ወጥቶ የታየውን ለካ፣ አልትራሳውንዱ ከፊቱ የቆመውን ለካ፣ ኤምአርአዩ የሚያበራውን ሁሉ፣ ዙሪያውን የተቆጣውን ሥጋም ጨምሮ ለካ፣ የመጨረሻው ቃል የፓቶሎጂው ነው። ስቴጁ ሲሰላ የዕጢው መጠን በ«ቲ» ነው የሚመደበው፣ 26 ብትሆን ቲ2 ትባል ነበር፣ 19 ስትሆን ቲ1፣ መስመሩ 20 ላይ ነው። ጠርዙም ንጹህ ተባለ። ጠርዝ ማለት የወጣውን ሥጋ ዙሪያውን ቀለም ይቀቡታል፣ የካንሰር ሴል ቀለሙን ካልነካ በቂ ነው፣ ከ2014 ጀምሮ መመሪያው እንደዛ ነው፣ ከዛ በፊት አንዱ ሐኪም 2 ሚሊሜትር ሌላው 5 ይፈልግ ነበር፣ ስንቷ በከንቱ ተመልሳ ተቆርጣለች። ቱቦ ውስጥ ብቻ ላለው ካንሰር ግን አሁንም 2 ሚሊሜትር ነው የሚፈለገው።

ጨረሩ ላይም ምስል ነው የሚቀድመው፣ ይሄን በአጭሩ ልለፈው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት በሲቲ ስካን እጇን ወደ ላይ አድርጋ ተለካች፣ ቆዳዋ ላይ ነጥብ ነጥብ ተነቀሰች። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢው የነበረበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ አራት ትናንሽ ክሊፕ ትተው ነበር፣ ሲቲው ላይ ያበራሉ፣ ተጨማሪው ጨረር የሚያነጣጥረው እነሱን ይዞ ነው። ግራ ጡት ስለሆነ ደሞ ትንፋሽ ስቦ መያዝ አስተማሯት፣ ሳንባ ሲሞላ ልብ ከጡቱ ራቅ ይላል፣ በዛች ቅጽበት ነው ጨረሩ የሚለቀቀው። 40 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) በ15 ቀን ወሰደች፣ ከዛ ለጉድጓዱ ቦታ የተጨመረ። ከ2020 ወዲህ 26 ግሬይ በ5 ቀን የሚጨርሱም አሉ፣ እሷ የዛ ዕድል ቢገጥማት ኖሮ ሐኪም ቤት መመላለሱ ባላሰለቻት።

አሁን እኔ የማዝንበት። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ፣ ስሙን አልጠራም፣ ወረቀት ብቻ ሰጥቶን ነበር፣ ምስሉን አይደለም። ሁለተኛው ቦታ ስንሄድ ሐኪሟ «ሪፖርቱን አነበብኩት፣ ምስሉ የታል?» አለች። ተመልሰን ብንጠይቅ ሲስተም ላይ የለም፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ በመጨረሻ እንደ አዲስ ተነሳች፣ እንደ አዲስ ተጨፈለቀች። ከሦስት ዓመት በፊት የተነሳችውም ነበር፣ እሱም ጠፋ፣ እሱ ቢኖር ያቺ ቦታ አዲስ ናት ወይስ ድሮም ነበረች የሚለው በአንድ እይታ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ ምስሉን ራሱን በሲዲም በፍላሽም ያዙ፣ ከአሮጌው ጋር። የተጻፈው ሪፖርት የአንድ ሰው ዓይን ነው፣ ቀዶ ሐኪሙም የጨረር ሐኪሙም የራሳቸውን ዓይን ማሳረፍ ይፈልጋሉ። አዲስ ምስል ሲታዘዝ ደሞ ሳትፈሩ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፣ «ይሄ ምን ቢያሳይ ነው የምታደርጉት ነገር የሚቀየረው?» በሉ። እኛን ያከሙን ሽማግሌ ይሄን ስጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ነው የመለሱት፣ አንዴ ደሞ አሰብ አድርገው «ልክ ነሽ፣ ምንም አይቀየርም» ብለው የጻፉትን ወረቀት ቀደዱት።

ባለፈው ወር የዓመቱን ማሞግራም ተነሳች። ጠባሳው ራሱ ሾጠጥ ሾጠጥ ያለ ነጭ ነገር ሆኖ ስለሚወጣ ላላወቀ ሰው ካንሰር ነው የሚመስለው፣ ለዚህ ነው ከጨረሩ በኋላ የተነሳችው የመጀመሪያዋ ምስል እንደ መነሻ ተቀምጣ በየዓመቱ ከሷ ጋር የሚወዳደረው። እንዳለ ነው፣ አልተለወጠም ተባለ። ያቺ ልጅ እንደ ልማዷ ስክሪኑን አዞረችልን፣ እህቴ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና ነጫጮቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ አራቱ የሽማግሌው፣ ራቅ ብላ አንዷ ደሞ የዛች ምንም ያልሆነችው። «አምስቱም አሉ» አለች፣ ቦርሳዋን አነሳችና ወጣን።